ማይነስ 35 ላይ መኪና የሚነሳው ማታ ነው

ካናዳ፣ ኤድመንተን አዲስ የገባ ሰው ምክር አይጎድልበትም። ካፖርት ከዚህ ግዛ፣ ጫማህ ውስጡ ጸጉር ያለው ይሁን፣ ጆሮህን ሸፍን፣ ቫይታሚን ዲ ዋጥ። የታክሱን ወረቀት፣ የጤና ካርዱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያሳይ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ተንጠልጥላ ስለምትታየው አጭር የኤሌክትሪክ ገመድ ግን የሚነግረው የለም። ብዙ ሰው ከእሷ ጋር የሚተዋወቀው መኪናው አልነሳም ባለው ቀን ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ሰዎች ነው። ኤድመንተን ስል ካልጋሪን፣ ሳስካቱንን፣ ዊኒፔግን፣ ድንበሩን ተሻግሮ አሜሪካ ያለችውን ሚኒያፖሊስንም ጨምሬ ነው። ቶሮንቶ ያላችሁም ትንሽ ትንሽ ይነካችኋል። ቫንኩቨር ያላችሁ ዝናባችሁን ይዛችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

እዚህ መኪና የቅንጦት ነገር አይደለም። የብዙዎቻችን ሥራ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀምረው። የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ የሆቴል ጽዳት፣ መጋዘን፣ ሆስፒታል። አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ወይ የለም፣ ወይ ሁለት ቦታ ያስቀይራል፣ በማይነስ 35 ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መኪናው አልነሳም ማለት የዕለቱ ደሞዝ ሄደ ማለት ነው። አለቃ አንድ ጊዜ ይረዳል። ሁለተኛ ጊዜ "እሺ" ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ፈረቃችሁ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታያላችሁ።

እኔ የምለው አጭር ነው። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ የሚሆነው ነገር ማታውኑ አልቆለታል። እንዲያውም ገሚሱ ጥቅምት ላይ አልቆለታል። ጠዋት ላይ የሚደረግ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። ግን ጥቂት ነው፣ እጅ እየደነዘዘ፣ ሰዓት እየሄደ የሚደረግ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ነው። ኤሌክትሪክ የሚወጣው በሁለቱ መካከል በሚሆነው ለውጥ ነው፤ ብርድ ያንን ለውጥ ያዘገየዋል። ማይነስ 18 ላይ አንድ ጤነኛ ባትሪ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ጉልበት ግማሹን እንኳ አይሰጥም። ማይነስ 35ን እናንተው አስቡት። በዚያው ሰዓት ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ረጋ ቅቤ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው ያንን ሁሉ ይዞ ነው ማዞር ያለበት። የሚሰጠው ሲደክም የሚጠይቀው ይብሳል። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ባትሪው ጀርባ ላይ ሲ.ሲ.ኤ. የሚል ቁጥር አለ። ባትሪው በማይነስ 18 ብርድ ውስጥ፣ ለ30 ሰከንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ስንት አምፔር ማውጣት እንደሚችል ነው የሚነግራችሁ። ባትሪ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ይህን ቁጥር እዩ። መኪናችሁ ላይ የሚገጥም እስከሆነ ድረስ ከፍ ያለውን ውሰዱ። እዚህ አገር ባትሪ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ በታክሲና በጎታች መኪና ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያምነኝም። ባትሪን ከብርድ ይልቅ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። በበጋው ፀሐይ ውስጡ ያለው ሰሌዳ እየተበላ ይከርማል፣ ማንም አያውቅበትም፣ ምክንያቱም በበጋ መኪና ለማስነሳት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ከዚያ የመጀመሪያው ከባድ ብርድ ሲመጣ ይጋለጣል። ባለቤቱም "ትናንት እኮ ደህና ነበር" ይላል። ደህና አልነበረም። አራት ዓመት ያለፈው ባትሪ ካላችሁ ጥቅምት ላይ አስፈትሹት። የመኪና ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በነጻ የሚፈትሹ ብዙ ናቸው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ዘይቱም እንደዚያው። ጣሳው ላይ ደብሊው (W) ከሚለው ፊደል በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ቁጥር ነው። አሥር ደብሊው የሚፈተነው ማይነስ 25 ላይ ነው፣ አምስት ደብሊው ማይነስ 30፣ ዜሮ ደብሊው ማይነስ 35። ልዩነቱ አምስት አምስት ዲግሪ ነው፣ ግን ጎህ ሳይቀድ ትልቅ ልዩነት ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ዜሮ ደብሊው ከፈቀደ ለክረምት ሌላ አትፈልጉ። ዘይት የሚቀይርላችሁ ሰው "ሁሉም አንድ ነው" ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ ገመዷ። እዚህ ሰው ብሎክ ሂተር ነው የሚላት። ሞተሩ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ማሞቂያ ናት፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ ታሞቃለች፣ ገመዷ ከፊት ትወጣለች፣ ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ። በቃ። የፈጠራት አንድሩ ፍሪማን የሚባል የሰሜን ዳኮታ፣ የግራንድ ፎርክስ ሰው ነው። በ1949 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የእሱ የተሠራችው የሞተሩን አንድ ቡሎን ነቅሎ በምትኩ የምትግል ቡሎን በመግጠም ነበር። ግራንድ ፎርክስን በካርታ ብታዩት ለምን እዚያ እንደተፈጠረች ይገባችኋል። ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስብም።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ይህችን ገመድ ፈልጉ። እዚሁ በእኛ ክፍለ ሀገር፣ አልበርታ፣ የተሸጠ መኪና ብዙ ጊዜ አለው። ከቫንኩቨር ወይም ከቶሮንቶ የመጣ ግን ላይኖረው ይችላል። ሻጩ ስለ ቆዳ ወንበሩና ስለ ካሜራው ሲያወራ ጎንበስ ብላችሁ ከፊት እዩ። ከሌለው በጋራዥ ማስገጠም ይቻላል፣ ግን በበጋ ነው፣ ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው ትዝ ብሎት ሲሰለፍ አይደለም። ገመዷ ኖራ ደግሞ ማሞቂያው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሰክታችሁ ቀረብ ብላችሁ ስሙ፤ ትንሽ ጭስስስ የሚል ድምፅ ካለ ትሠራለች። ካልሰማችሁ መካኒክ በመሣሪያ ለክቶ በደቂቃ ይነግራችኋል።

ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም። ሦስት አራት ሰዓት ይበቃል። የትንሽ መኪና ማሞቂያ 400 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፣ አራት ሰዓት ቢሠራ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከመነሳታችሁ አራት ሰዓት ቀድሞ የሚያበራ ታይመር ግዙ፣ የውጪ የሚለውን። ኤክስቴንሽኑም ለውጪ የተሠራ ወፍራሙ ይሁን። የቤቱ ቀጭን ገመድ በዚህ ብርድ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ የመኪና ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው የሚሆነው።

ታይመሩ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ማታ፣ በእኛ ጥር 4 ቀን 2016፣ አልበርታ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ብርዱ ማይነስ 40ን አልፎ ነበር። መንግሥት መብራት ሊጠፋ ጫፍ ላይ ነው፣ የማያስፈልገውን አጥፉ፣ የኤሌክትሪክ መኪና መሙላትና ብሎክ ሂተር መሰካት አዘግዩ አለ። ሰው ሰማ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፍጆታው ወረደ፣ መብራቱም ሳይጠፋ አደረ። ያን ዕለት ግን ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። አጥፋ ሲሉት አጠፋ፣ ጠዋት መኪናውን በምን ያስነሳ? ታይመር ያለው ሰው አልተጨነቀም። የእሱ የሚበራው ሁሉም በተኛበት ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ነው፣ በዚያ ሰዓት መስመሩም ፋታ አለው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ሶኬት አጠገብ አያቆምም። እዚህ ላይ ነው የገና ሌሊት የምትመጣው።

የእኛ ገና እዚህ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት 19። የዓመቱን ብርድ መርጠን የምናከብር ነው የሚመስለው። ቅዳሴው ማታ ይገባል፣ ሌሊቱ ተጋምሶ ይወጣል፣ መኪናው በዚያ ሁሉ ሰዓት ሜዳ ላይ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያሉት ሶኬቶች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ቀድመው በመጡ ሰዎች ተይዘዋል። ውስጥ ከበሮውና ጭብጨባው ይሞቃል፣ ነጠላ ከወፍራሙ ጃኬት ላይ ተደርቧል፣ ሕፃናት ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል። በመሃል አባቶች እየተጠቃቀሱ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መኪና አስነስተው፣ ትንሽ አሙቀው ሊመለሱ ነው። እናቶች በዓይናቸው ይከተሏቸዋል። አንዲት እናት ጠጋ ብለው "ለጸሎት ነው ለሞተር የመጣኸው?" ሲሉት የሰማሁት ሰው ነበር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እኒያው እናት የገቡት እሱ መኪና ውስጥ ነው። የእሱ ነበር የሞቀው።

እና ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲወጣ የግቢው ትርኢት ይጀምራል። ጾሙ ተፈቷል፣ ቤት ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ይጠብቃል፣ የመኪኖቹ ግማሽ ይነሳል፣ ግማሹ ያቃስታል። ከጤነኛ መኪና ባትሪ ወደ ሞተው ኤሌክትሪክ የሚያሻግር ኬብል ያለው ሰው ያኔ ይከብራል። የቀድሞ ታክሲ ነጂ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ በዚያ ሰዓት ኮፈን ሳይከፍቱ በድምፅ ብቻ ነው የሚፈርዱት። ቆም ብለው "እስኪ ልጄ፣ አዙረው" ይላሉ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ካለ፣ "ባትሪ ነው።" ኡ… ኡ… ኡ… እያለ ከዘገየ፣ "ባትሪም ነው ዘይትም ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ስጠው።" ጭራሽ ድምፅ ከሌለ፣ "የባትሪውን ራስ እየው፣ ላልቶ ወይ ዝጎ ይሆናል።" ሞተሪኖው ደህና እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያ የቤንዚን ወይም የካንዴላ ጉዳይ ነው፣ በኬብል አይድንም።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ገና መምጣቱ የሆነ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ "ኑ እንግፋው! ሁለተኛ ያስገባ!" አለ። ሳቁ ግቢው ውስጥ የቀዘቀዘውን ሁሉ አሞቀው። መኪናው አውቶማቲክ ነው፣ ቢገፉት እስከ ፋሲካም አይነሳ። በልጁ ግን አልፈርድም። ላዳ ታክሲ ያየ ሰው መኪና በመግፋት እንደሚነሳ ያውቃል። ባትሪው የደከመበት ነጂ ማታ ቁልቁለት ፈልጎ ያቆማል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ጠዋት ድንጋዩን አንስቶ፣ ሁለተኛ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ይንደረደራል፣ ሲለቀው ሞተሩ ድንግጥ ብሎ ይነሳል። ይኸው እሱም ቢሆን ጣጣውን የጨረሰው ማታ ነው። ቁልቁለት ሳያገኝ ያደረው ጠዋት የሰፈር ጎረምሳ ሲለምን ይገኛል።

ኬብል መሰካት ቀላል ይመስላል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አለው። እዚህ ሰው ቡስት ነው የሚለው። ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፕላስ ላይ። የቀዩን ሌላ ጫፍ በጤነኛው ፕላስ። ከዚያ ጥቁሩን በጤነኛው ማይነስ። የመጨረሻውን ጥቁር ግን ወደ ሞተው ባትሪ አትውሰዱት፤ ከባትሪው ራቅ ካለ፣ ቀለም ከሌለው የሞተር ብረት ላይ ያዙት። ምክንያት አለው። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ የመጨረሻው ንክኪ ደግሞ ብልጭ ይላል፣ ሁለቱን አንድ ቦታ ማገናኘት አያስፈልግም። ጤነኛው መኪና ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ አትቸኩሉ፣ ያኔ ሞክሩ። ሲነሳ ኬብሉን በመጣበት ተቃራኒ ፍቱት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የባትሪውን ጎን እዩ። አብጦ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ እጃችሁን ሰብስቡ። ውስጡ በረዶ ሆኗል። ሙሉ ባትሪ በእኛ ብርድ አይቀዘቅዝም፣ ያለቀ ባትሪ ግን ማይነስ 10 አካባቢ እንኳ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘን ባትሪ ቡስት ማድረግ ሊያፈነዳው ይችላል። ደብረ ብርሃን ያደገ ጓደኛዬ "እኔ ብርድ አታስተምሩኝ፣ ከውርጭ አገር ነው የመጣሁት" ይል ነበር። አሲድ በረዶ ሆኖ ፕላስቲክ ሲሰነጥቅ ያየ ቀን ዝም አለ።

ኬብልም ረዳትም ከሌለ፣ ጠዋት ላይ የቀራችሁ ይህ ነው። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ፣ የመስታወት በረዶ ማቅለጫ፣ ሁሉንም አጥፉ። አሥር ሰከንድ ሞክሩ፣ ሁለት ደቂቃ አርፉ። ያለማቋረጥ ማዞር ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ሞተሪኖውንም ያቃጥለዋል። ነዳጅ ደጋግሞ መርገጥ የድሮ መኪና ልማድ ነው፣ ለአሁኖቹ አይረዳም። ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ነጭ ጎረቤቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ከሰላምታ በላይ ባይናገሩንም በማይነስ 35 "ቡስት" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ካልሲ ሳይለብሱ ነው የሚወጡት። የመንገድ እርዳታ ድርጅት ጋር መደወልም አለ፣ ግን በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ ነው የሚደውለው፣ ወረፋው ሰዓታት ይወስዳል።

ሲነሳ ደግሞ ሁለት ነገር። የቤታችሁ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፣ መኪናውን ወደ ውጪ አውጡት። ከማርሚታው የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። ሜዳ ላይ ያደረ ከሆነም ማርሚታው አፍ ላይ በረዶ ተቆልሎ እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ፣ በተለይ ልጆች ውስጥ ከተቀመጡ። ሁለተኛው፣ መኪናውን አስነስታችሁ ቁልፉን ትታችሁ ቡና ልትጠጡ አትግቡ። ሌቦች ይህን ወቅት በደንብ ያውቁታል። የአልበርታ ፖሊሶች በየክረምቱ ኦፕሬሽን ኮልድ ስታርት የሚሉት ዘመቻ አላቸው፣ በየሰፈሩ እየዞሩ ሞተሩ ተነስቶ ማንም የሌለበትን መኪና ይፈልጋሉ።

ከቡስት በኋላ አሥር ደቂቃ ነድቶ ሥራ ቦታ ማቆምም ሌላ ወጥመድ ነው። ዲናሞው ያን ያህል ባትሪ በአሥር ደቂቃ አይሞላም። ከሥራ ስትወጡ ያው ታሪክ ይደገማል፣ ያኔ ደግሞ ደክሟችኋል። ረዘም አድርጋችሁ ንዱ፣ ማታ ቤት ቻርጀር ላይ አሳድሩት። በኪስ የምትያዘዋን ቡስተር የገዛችሁ፣ እሷም ባትሪ ናት፣ ኮፈን ውስጥ ወይም ሻንጣው ጋ አታሳድሯት። ቤት ትደር። ቤንዚናችሁም ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ባዶው ቦታ ላይ እርጥበት ይሰበሰባል፣ መስመሩ ላይ ከቀዘቀዘ የትኛውም ኬብል አያነሳውም።

በመጨረሻ፣ አፓርታማ ልትከራዩ ስትሄዱ ኩሽናውንና ሻወሩን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ወርዳችሁ ማቆሚያችሁን እዩት። ሶኬት አለው? ይሠራል? ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚበራው ወይስ እየጠፋ እየበራ? መብራት ለመቆጠብ በየተራ የሚያጠፉ ብዙ ሕንጻዎች አሉ። መሞከሪያ የሚሆን የሞባይል ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት። አከራዩ ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

የክረምት ጎማው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።